ዲያቆን ያልሆንኩባቸው ዓመታት

ካማሺ የሄድነው ለሦስት ቀን ነበር። ሥራዬ የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥባቸውን፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች መጠገን ነው። አሶሳ ካለው ቢሮ ትእዛዝ ሲሰጠኝ ዕቃዬን ይዤ ወደተባልኩበት ወረዳ እሄዳለሁ። በዚያ ጉዞ አብሮኝ የነበረው ሹፌር የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ የአሶሳ ዙሪያ ተወላጅ፣ በዕድሜ ከእኔ ዐሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ ሰው። በወለጋ በኩል ዞረን፣ ሁለቴ ጭቃ ይዞን፣ ደረስን። ሁለት ጤና ኬላ ላይ የቆሙትን ማቀዝቀዣዎች ሠራን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዕቃ ስንጭን የወረዳው ሰው መጣና መንገዱ በጸጥታ ምክንያት መዘጋቱን ነገረን።

«ለስንት ቀን?» አልኩት።

«እስኪከፈት» አለኝ።

በማግሥቱ የስልኩ ኔትወርክም ጠፋ።

ያረፍንበት አልጋ ቤት ስድስት ክፍል ብቻ ነበረው። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት፤ ባሏ ዕቃ ሊያመጣ ነቀምቴ ሄዶ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀርቷል። የሁለት ወር ከምናምን ሴት ልጅ አዝላ ነው የምታበስለው፣ አንሶላ የምታጥበው። ከክፍሌ መስኮት የመኪናችን የኋላ ጎማና ዝናቡ ይታየኛል። ሹፌሩ በየጠዋቱ ሞተሩን አስነሥቶ ትንሽ ያሞቀውና መልሶ ያጠፋዋል። «መኪና ብዙ ተኝታ ሥራውን እንዳይረሳ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር የምንሄድ እየመሰለኝ ጫማዬን አስራለሁ።

የጨነቀኝ ግን መንገዱ ብቻ አልነበረም።

አሶሳ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረችኝ። መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከዚህ በፊት አግብታ ታውቃለች፤ ባሏ ግድቡ ላይ ሊሠራ ጉባ ሄዶ እዚያው ሌላ ኑሮ መሠረተና ተፋቱ። ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ላገባት እፈልግ ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። ያላገባኋት እናቴን ፈርቼ ነው። እናቴ እኔን ዲያቆን ነው ብላ ታምናለች። ዲያቆን የሚያገባው ልጃገረድ ነው፣ በተክሊል። ፈት ካገባ ዲቁናው ፈረሰ ማለት ነው። ይህን ለሴትዮዋ ነግሬያት፣ ከፍቷት፣ ተረድታኝ፣ እንደገና ከፍቷት ነበር። ለእሷም ለማንም ያልነገርኩት ግን አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ዲያቆን አይደለሁም።

ወደ ካማሺ ከመነሣቴ በፊት በባጃጅ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። ስትወርድ በሩን ይዛ ቆመችና፣ «ስትመለስ ወይ ለእናትህ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ እኔን ትተወኛለህ» አለችኝ። «ሦስት ቀን አይደል? ሦስት ቀን እጠብቃለሁ።»

መንገዱ መዘጋቱን ደውዬ ሳልነግራት፣ ምን እንደምላት ሳስብ፣ በአራተኛው ቀን ስልኩ ጠፋ።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስና እንዴት እንደሆነ ልናገር። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ አካባቢ ከሰፈሩት ናቸው። አባቴ ሳላውቀው በወባ ሞተ። እናቴ አምጥተው ባሰፈሯት አገር ላይ ብቻዋን ቀረችና እኔን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችኝ። መሪጌታው ዘንድ ፊደል ቆጠርኩ፤ ንባብ ላይ የሚያህለኝ አልነበረም። አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ የሚያነብ ልጅ ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ዜማ ላይ ግን ድንጋይ ነበርኩ። ድምፄ ይጠፋል፣ በቃሌ ያጠናሁት ይበተናል።

ጳጳሱ ወደ እኛ አካባቢ ሲመጡ ለዲቁና የታሰብነው ልጆች ዐሥራ ሁለት ነበርን። እናቶቻችን ነጭ ለብሰው ከቅጥሩ ውጭ ተሰብስበዋል። በተራ በተራ ተፈተንን፤ እኔ መጨረሻ ነበርኩ። የተሰጠኝን ገጽ እንደ ውኃ አነበብኩት። ከዚያ የዲያቆኑን ድርሻ በዜማ በል ተባልኩ፤ ሁለት ቃል ብዬ ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ቆምኩ። ጳጳሱ አልተቆጡም። ወደ መሪጌታው ዞረው፣ «ማንበቡን በደንብ ያነባል፤ ዜማው ገና ነው። ለጊዜው አናጉንስጢስ ይሁን። በሚቀጥለው ስመጣ ይጨመርለታል» አሉ።

የሌሎቹ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸልየው ነበር። እኔ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን አልጫኑም፤ አጭር ጸሎት አድርሰው አንድ መጽሐፍ እጄ ላይ አስቀመጡና አለፉ። ሁሉም አጎንብሶ ስለነበር ያየ የለም። መሪጌታው ሲያወጣኝ በጆሮዬ፣ «ዝም በል፤ እስከሚመጡ ዜማውን እናጠናለን» አለኝ። ስንወጣ እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ከእናቶቹ ሁሉ ድምፅ የእሷ ጎልቶ ይሰማ ነበር። አቀፈችኝና «ዲያቆኔ!» አለችኝ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፊቷን አየሁት፣ ዝም አልኩ።

ጳጳሱ ወደ ሌላ ሀገረ ስብከት ተዛወሩ። መሪጌታው በሁለተኛው ዓመት ታሞ አረፈ። ነገሩን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ትምህርት ቤት ብዬ አሶሳ ስገባ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ግን መንደር እሄዳለሁ፤ «ዲያቆን መጣ፣ ይቀድስ» ይባላል። አንዴ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። አንዴ ዝንብ አፌ ገባ አልኩ፤ ጾሜን የሚያስፈታ ነውና አመኑኝ። ሰበብ ሲያልቅብኝ በጢም ምላጭ ጣቴን እቆርጥ ነበር። ደም የሚፈስሰው ሰው መቅደስ አይገባም። እናቴ ጣቴን በጨርቅ ስታስር፣ «ምነው ልጄ በበዓሉ በበዓሉ? ሰይጣን ነው የሚቀናብህ» ትላለች። ግራ እጄ ላይ አራት ጠባሳ አለ። በአገልግሎት ያገኘሁት ያን ብቻ ነው።

እንግዲህ ካማሺ ተዘግቶብኝ የተቀመጥኩት ይህን ይዤ ነው።

በስምንተኛው ቀን ሹፌሩ ደስ ብሎት ክፍሌ ገባ። ባለ አልጋ ቤቷ ወጥ ቤት ውስጥ ስታለቅስ አግኝቷታል። የልጇ ሰማንያ ቀን የሚሞላው በመጪው እሑድ ነው፤ ክርስትና የሚነሡበት ቀን። ክርስትናው ያለ ቅዳሴ አይሆንም፣ ቅዳሴ ደግሞ አምስት ልዑክ ይፈልጋል። በከተማው ሁለት ቄሶችና ሁለት ዲያቆናት አሉ። ሦስተኛው ዲያቆን መንገዱ ሳይዘጋ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ አልተመለሰም።

«አንድ ጎደለች አለኝ» አለ ሹፌሩ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው። «አይዞሽ አልኩት። እኔ ጓደኛ ዲያቆን ነው አልኩት። እናትህ ሁልጊዜ ዲያቆኔ ይልሃል፣ እኔ ሰምቷል። አሁን ቄስ ጋ ሮጠ፣ ሊነግር።»

ተነሥቼ በመስኮቱ ወደ መኪናው አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ትልቁ ቄስ በዝናብ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ጫማቸው በጭቃ የተለወሰ ሽማግሌ ናቸው። ከመቀመጣቸው በፊት መስቀል አሳለሙኝና፣

«ልጄ፣ ዲቁና አለህ ተብሏል። እውነት ነው?» አሉኝ።

ባለ አልጋ ቤቷ ልጇን እያባበለች በር ላይ ቆማለች። ሹፌሩ ከጎኗ ሆኖ ይስቃል።

«ካገለገልኩ… ቆይቷል፣ አባቴ» አልኩ።

«ቆየም አልቆየም ክህነት አያረጅም። ከአሁን ጀምረህ ጹም፤ ንስሐ ካለብህ ና ንገረኝ። እሑድ አምስተኛችን አንተ ነህ።»

ባለ አልጋ ቤቷ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ወደ ኋላ ስሸሽ አልጋው ላይ ወደቅሁ። ሁሉም ሳቁ። ከትሕትና መስሏቸው ነው።

ሦስት ቀን ነበረኝ። መውጫ መንገድ የለም፤ የምደውልለት ሰው የለም። እንደ መንደሩ «አሶሳ ሥራ አለብኝ» ብዬ የማመልጥበት ቦታ የለም። ዝም ብዬ ብገባስ ብዬ አሰብኩ፤ ማን ያውቃል? ከዚያ የሕፃኗ ጥምቀት ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን አድጋ፣ ክርስትናዬ ትክክል ነበር ወይ ብላ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከሱቅ ምላጭ ገዛሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ግራ ጣቴን ዘርግቼ ሳለ ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ገባ።

ቆሞ አየኝ። ፂሜን እንደማልላጭ ገባው፤ ውኃም መስተዋትም አልነበረም። መጥቶ ምላጩን ከእጄ ወሰደና ኪሱ ከተተው።

«ምንድነው?» አለኝ።

ነገርኩት። በሕይወቴ መጀመሪያ የነገርኩት ሰው እሱ ነው፤ ሙስሊም ስለሆነ ይሁን፣ ምላጩን ስለያዘብኝ ይሁን፣ አላውቅም። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

«የኔ አያት ሙቀደም ነበር» አለኝ። «ሙቀደም ታውቃለህ? ትልቁ ሼኽ ፈቃድ ሰጠው፣ እሱ ለሰው ዚክር፣ የጸሎት ቃል፣ ይሰጣል። ፈቃድ የሌለው ሰው ካለ፣ ሙቀደም ነኝ ካለ፣ እሱ ፂም ብቻ ነው።» ምላጩን የከተተበትን ኪሱን መታ አደረገና፣ «አንተ ፈቃድ አለህ፣ ትንሽ። ትንሹን በል። ቄስ ጋ አብሮ እንሂድ።»

«አይ፣ ብቻዬን» አልኩት።

ቄሱን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በቆሎ ሲኮተኩቱ ነው። ቀና ሲሉ ፊቴን አይተው መኮትኮቻቸውን ጣሉት።

«አባቴ፣ እሑድ አልችልም» አልኩ። «ዲያቆን አይደለሁም።»

«ፈርሰሃል?»

«አልፈረስኩም። ቀድሞም አልሆንኩም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ እሱን ስጠይቅህ ምን አልከኝ?»

«ዋሸሁ።»

ወደ በቆሎው ዞሩ። ከዚያ ሳያዩኝ፣ «ጳጳስ ፊት ቀርበህ ታውቃለህ?» አሉ። አዎ አልኩ። «እጃቸውን ራስህ ላይ ጭነዋል?» አልጫኑም አልኩ። «ታዲያ ምን አደረጉ?»

«መጽሐፍ እጄ ላይ አስቀመጡ። አናጉንስጢስ ይሁን አሉ።»

አሁን ዞሩ። ዓይናቸው ሲበራ አየሁ፤ ቁጣቸውን ረስተውት ነበር። «አናጉንስጢስ!» አሉ። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ቃሉን እንጂ ሰውዬውን አይቼ አላውቅም።» እግረ መንገዱ ላይ ባለ ግንድ ላይ ተቀመጡና እኔንም አስቀመጡኝ። «ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አንባቢ ማለት ነው። ከዲያቆን በታች።»

«ከንፍቀ ዲያቆንም በታች። ቃሉ የግሪክ ነው፤ አንባቢ ማለት ነው፣ እውነትህን ነው። ዛሬ ልጆቹ ዲቁና ሲቀበሉ በዚያው በአንድ ቀን ከታች እስከ ላይ ይወጡታል። ስሙ ይጠራና ይታለፋል። እዚያ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ግን…» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድሮ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። መጽሐፍ ውድ፣ የሚያነብም ጥቂት ነበረ። እሱ ቆሞ ለሕዝቡ ያነባል። መሥዋዕቱን አይነካም፣ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም፤ ለዚህ ነው እጅ የማይጫንበት። አሁን አንባቢው ዲያቆኑም ቄሱም ሆነ፤ ስሙ ባዶውን ቀረ።»

ከዚያ ቤትና ትዳር ጠየቁኝ። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሦስቱ ቀን ነገርኳቸው። አፋቸውን ይዘው አዳመጡኝ።

«ማን ከለከለህ?» አሉኝ በመጨረሻ። «አናጉንስጢስና መዘምር ከተሾሙም በኋላ ያገባሉ ይላል ሕጉ። የዲያቆን ሕግ የሚይዘው ዲያቆንን ነው። አንተ ባልተሾምክበት ሹመት ነው ራስህን ያሰርከው፤ ሴቲቱንም አብረህ አሰርካት።»



«ውሸቱ ግን ውሸት ነው» አሉ ሲነሡ። «ለሕፃኗ እናት አንተው ትነግራታለህ። ለእናትህም አንተው።»

ለባለ አልጋ ቤቷ የነገርኳት በዚያው ቀን ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እና ሰማንያው በዚህ ያልፋል?» አለች። አዎ አልኳት። «አንተ ባትመጣ ይሻል ነበር። ጎደለ ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ አለ ብላችሁ አስደሰታችሁኝ» አለችና መክተፏን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ምሳችንን በሹፌሩ እጅ ነው የምትልክልኝ። አላባረረችንም፤ ግን አላየችኝም።

እሑድ ቅዳሴ አልነበረም። ሰው ግን ለጸሎት ተሰበሰበ። ቄሱ አስጠሩኝና ከበሩ ውጭ፣ ሕዝቡ በቆመበት፣ የዕለቱን ንባብ እንዳነብ ሰጡኝ። «ጮክ በል፤ ዜማ የለውም» አሉኝ። ከዐሥራ አንድ ዓመቴ ወዲህ ለሰው አንብቤ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ድምፄ አነሰ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ያዘልኝ። አንድም ቃል ሳልስት ጨረስኩ። ቀና ስል ባለ አልጋ ቤቷ ከሴቶቹ ጀርባ ልጇን ታቅፋ፣ መሬት መሬት እያየች ነበር። ልቤ ቀለለኝ ልል አልችልም። መጽሐፉን ዘግቼ ለቄሱ መለስኩ።

መንገዱ የተከፈተው በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። በወታደር ታጅበን፣ ከጭነት መኪናዎች ጋር ተሰልፈን ወጣን። ኔትወርክ ያለበት ስንደርስ ስልኬ ላይ ከእናቴ ብዙ ጥሪ ነበር። ከሴትዮዋ አንድ መልእክት ብቻ፤ በአምስተኛው ቀን የተላከ። «ገባኝ» ይላል።

አሶሳ እንደገባን ሹፌሩ በቀጥታ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አወረደኝ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቅኩ። መንገድ መዘጋቱን ኋላ ሰምታለች፤ በዚያ አልተቀየመችም። የቀረውን ስነግራት ግን ነጭ ጋዋኗን አወለቀች፣ መልሳ ለበሰች።

«ሁለት ዓመት» አለችኝ። «ሁለት ዓመት እኔ ነኝ የማልበቃው ብዬ ቆጥሬያለሁ። ስጸልይ እንኳ፣ ፈት ባልሆን ኖሮ እያልኩ። ለካ የሌለ ነገር ነው ከኔ የሚበልጠው።»

«አዎ» አልኳት። ሂድ አለችኝ፤ ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሷ ደውላ፣ «እናትህስ ምን አሉ?» አለችኝ።

እናቴ ዘንድ የሄድኩት ከካማሺ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ነበር። ጓሮ ሆና ማሽላ ታሰጣለች። ከነገርኳት በኋላ ማሽላውን በእጇ አገላበጠች።

«ታዲያ ያን ለት እልል ያልኩት ለምኑ ነው?» አለችኝ።

ስለ አንባቢነት ልነግራት ጀመርኩ። እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ስለ ሴትዮዋ ስነግራት ግን ያልጠበቅሁትን አለች፤ «አግባት። መንደሩ ግን ይህን እንዳይሰማ። ዲያቆን ነበር፣ ፈት አገባና ፈረሰ ይበሉህ። ፈራሽ ብዙ አለ። ያልነበረ ግን፣ ልጄ፣ እኔ ስንት ዓመት የዲያቆን እናት ተብዬ ተከብሬ ተቀምጬ…» አልጨረሰችውም።

ለእናቴ አንጀቴ አልቻለም፤ እሺ አልኳት። አንዱን ገመድ ፈትቼ ሌላ አሰርኩ። ሴትዮዋ ሰምታ አልተቀበለችም። «ሰውዬውን ያፈረሰች እየተባልኩ እኔ እዚያ መንደር እግሬን አላነሣም» አለች። ልክ ነበረች። ሁለት ወር ከሁለቱ መካከል ቆሜ ቆየሁ፤ እዚያ ስሄድ የዚህኛዋ ፊት፣ እዚህ ስመጣ የዚያኛዋ።

በመጨረሻ በእናቴ የጽዋ ማኅበር ቀን፣ ሁሉም ባለበት፣ ተነሥቼ ተናገርኩ። እናቴ እንደምናገር ጠዋት ነግሬያት ነበር። አልከለከለችኝም፤ አልፈቀደችም። አናጉንስጢስ ስል አንድ ሽማግሌ «አና… ምን?» አሉ። አስረዳሁ። ሴቶቹ እናቴን ማየት ፈሩ። አንዱ፣ «ያው ዲያቆን ነዋ፣ ትንሹ» ብሎ ነገሩን ዘጋውና ጠላው ቀጠለ። እኔ ለዓመታት የታነቅሁበት ነገር ለእነሱ የግማሽ ሰዓት ወሬ ነበር። ለእናቴ ግን አልነበረም። ጽዋውን አሳልፋ ስትጨርስ ወደ ጓዳ ገባች፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ አልወጣችም።

ከተጋባን አሁን ዓመት ሊሆነን ነው። ተክሊል አልነበረም፤ ጸሎት ተደርጎልን ምሳ አብልተን ተለያየን። እናቴ መጥታለች፣ ባለቤቴንም ስማታለች። ወር በወር አሶሳ ትመጣለች፤ ሁለቱ ስለ ገበያና ስለ ጉልበቷ ሕመም ያወራሉ፣ ባለቤቴ መድኃኒቷን ታዘጋጅላታለች። እናቴ እኔን አሁን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ስሜ ከአፏ ሲወጣ ትንሽ ይከብዳታል፤ ሌላ ቃል ሊመጣባት እያለ የዋጠችው ይመስለኛል። አንዳንዴ ዓይኗን ሳይ፣ እውነቱን ንገረኝ ብላኝ እንደማታውቅ አስባለሁ።